በዘፋኝ ስም ቦታ የጻፍኩት

ይሄ የሆነ ነገር ነው። «ፈጠራ ነው» የምትሉ ካላችሁ አሁኑኑ ወደ ሌላ ቻናል እለፉ፤ እኔ ለልመና ጊዜ የለኝም።

ሌሊት ነው ብላችሁም አትጠብቁ። ጨረቃ የለም፣ ውሻ አያላዝንም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው... ሰው ምሳውን በልቶ የሚያዛጋበት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን የምታንጣጣበት ሰዓት። ቦታው እኔ የምሠራበት የአጎቴ የኮፒና የሲዲ ሱቅ ነው።

መጀመሪያ ግን እኔን እወቁኝ።

እኔ ማለት የመጨረሻዋን ቃል ለማንም ሰጥቼ የማላውቅ ልጅ ነኝ። ለማንም። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪው «ውጪ» ሲለኝ፣ «አብረን እንውጣ፣ አንተንም እኮ ሰልችቶሃል» ብዬው ነው ከትምህርት ጋር የተለያየነው። ሰፈር ውስጥ ነገር የፈለገኝ ሁሉ ጆሮውን ይዞ ነው የሚመለሰው። አጎቴ «ያንቺ ምላስ ቢከራይ ሱቁን ዘግተን በተቀመጥን» ይላል።

ድምፄ ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም።

የእናቴ ነው። ቁርጥ እሷን። በሕይወት እያለች ስልክ ሳነሳ አክስቶቼ እሷ እየመሰልኳቸው ምስጢራቸውን ሁሉ ይዘረግፉልኛል፤ እኔም «እህ... እህ...» እያልኩ ጥርግ አድርጌ እሰማና በመጨረሻ «እማዬን ልጥራላችሁ?» እላቸዋለሁ።

ከሞተች በኋላ ግን ጨዋታው መራራ ሆነ። አባዬን ከጓዳ ስጠራው ብድግ ይላል። ፊቱ ይበራል። ከዚያ ትዝ ይለውና... ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲነሳ ሲቀመጥ ኖረ።

ከዚያ መርፌዋ መጣች።

መርፌዋ ያልኳት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ናት። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ አንዲት ቃል ተናግራ ቀዳዳ ትታ የምታልፍ። አባዬ አናጺ ነው፤ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ሊሠራላት ሄደና መዶሻውን ይዞ ተመለሰ፣ ልቡን እዚያው ረሳው። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው በየሳምንቱ ተወላገደ እየተባለ ሊያቃና ይሄዳል። የአባዬ ጠረጴዛ ደግሞ ተወላግዶ አያውቅም።

አንድ ቀን ራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ቅዳሜ ከኛ ጋር ልትኖር እንደምትገባ ነገረኝ። ጥቂት ዘመድ ተጠርቶ ምሳ ይበላል፣ በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለም አለ። መልሴን እየመረጥኩ ነበር።

ሳልመርጥ ጨመረበት። የስፌት መኪናዋ የእማዬ ክፍል ውስጥ ይገባል። ቀሚሶቹን ከሚስማሩ ላይ እንዳወርድ ለመነኝ። እያየኝ አልነበረም፤ ሹካውን እያየ ነው የለመነኝ።

ያቺ ክፍል እማዬ ታማ የተኛችባት ክፍል ናት። የሞተችባትም። ሲከፋኝ እገባና አንዱን ቀሚስ ፊቴ ላይ አድርጌ እተነፍሳለሁ። ከእማዬ የቀረኝ ያ ነው፤ ክፍሏ፣ ቀሚሶቿና ድምፄ። ሌላ የለኝም።

መርፌዋ በማግስቱ ሜትሯን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጥላ መጣች። መስኮቱን ለካች። ግድግዳውን ለካች። ብርሃን ስላለው ለስፌት ይመቻል አለች። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች፤ የሰማያዊውን ጫፍ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ «ጥሩ ጨርቅ ነው» አለች።

ጥሩ ጨርቅ።

በሩ ላይ ቆሜ «ሰው ቤት ስትገቢ ሁሌ እየለካሽ ነው?» አልኳት።

«ሳልለካ አልቆርጥም» አለች።

«እንግዲያው መውጫውንም አብረሽ ለኪው።»

አየችኝ። ሜትሯን ጠቅልላ ወጣች። አሸነፍኩ። ግን ያሸነፍኩት በምላስ ነው፤ ክፍሉ አሁንም ሊሄድ ነው። ያን ቀን ማልኩ። ይቺ ሴት እዚህ ክፍል ውስጥ አንዲት መስመር አትሰፋም።

ዱላውን ደግሞ ራሱ አባዬ አቀበለኝ። የቅዳሜውን ዘፈን እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። ያለን ዴክ ከአባዬ ጋር ያረጀ ነው፤ ፍላሽ አያውቅም፣ ስልክ አያውቅም፣ ሲዲ ብቻ ይበላል። ሰፈር ውስጥ እስካሁን ሲዲ የሚያቃጥል ደግሞ አጎቴ ብቻ ነው። ማለቴ እኔ ነኝ፤ አጎቴ ያሸልባል።

«ዛሬ ሲዲ ማን ይሰማል?» ትሉኛላችሁ። አሮጌ መኪና የሚነዳ ሁሉ። አሮጌ ዴክ ያለው ሁሉ። አጎቴ ኮምፒውተር ላይ ዘፈን የሚሰበስብ ፕሮግራም አለ፤ ላይብረሪ ይለዋል። ከጥንት ጀምሮ የገባ ዘፈን ሁሉ በየዘፋኙ ስም ተደርድሮ ተቀምጧል። ደንበኛው የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ እኔ በማውዝ እየጎተትኩ እደረድራለሁ፣ ፕሌይሊስቱ ሲያልቅ ባዶ ሲዲ አጎርሰውና «አቃጥል» የሚለውን እጫናለሁ። በቃ።

አጎቴ ግን አንድ ሕግ አለው። ባዶ ቦታ የተረፈው ሲዲ ከሱቁ አይወጣም። «ሰው ሙሉ ሲዲ ነው የሚፈልገው፤ ጎዶሎማ ቤቱ ሞልቶታል» ይላል። ስለዚህ ከታች አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ላይ ምልክት ከተደረገ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ፕሌይሊስቱ ላይ ያሉትን ዘፋኞች ስም ያይና የእነዚያኑ ዘፋኞች ሌላ ሥራ ከላይብረሪው ፈልጎ የተረፈውን ቦታ ይሞላል። እኔ ያቺን ሳጥን ሳልጫን አቃጥዬ አላውቅም። እጄ ራሱ ነው የሚሄደው።

ይቺን ያዙልኝ።

ሐሙስ ነው። አጎቴ ቤቱ ሄዶ ጋደም ብሏል። የሱቁን በር ገርበብ አደረግኩ።

እቅዴ ቀላል ነበር። ደስ ደስ የሚሉ ዘፈኖች እደረድራለሁ። ሰው ሞቅ ሲለው አንዲት ቀዝቀዝ ያለች ዘፈን አስገባለሁ። ከእሷ ቀጥሎ... የእማዬ ድምፅ። የሞተችው ሚስት፣ በዘመድ አዝማድ ፊት፣ ከዴኩ ውስጥ። መርፌዋ ጫማዋን ጥላ ስትሮጥ ታየኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ማይኩን ሰካሁ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። እማዬ በመጨረሻ ቀኖቿ ታወራ እንደነበረው፣ ቀስ አድርጌ፣ አየር እንዳጠረው ሰው...

«ከክፍሌ... ውጪልኝ።»

አንዴ ብቻ። ሲያምርብኝ! ራሴኑ ብርድ ብርድ አለኝ።

ስክሪኑ ላይ ድምፅ ሲገባ የምትዘል አረንጓዴ መስመር አለች። ዝም ሲባል ትተኛለች። ዝም አልኩ።

አልተኛችም።

ትንሽ ትንሽ ትዘላለች። ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ...

እንደሚተነፍስ ሰው።

የኔ ትንፋሽ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ ግን ቀጠለች።

ማይኩ አርጅቷል አልኩና ነቀልኩት። ሁሉ ነገር ያረጀበት ሱቅ ነው።

ፕሮግራሙ አዲስ ድምፅ ሲገባለት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የዘፈኑን ስምና የዘፋኙን ስም። የዘፈኑን ባዶ ተውኩት። የአባዬ ዴክ ሲጫወት የዘፋኙ ስም ግንባሩ ላይ በአረንጓዴ ፊደል ይሮጣል፤ መርፌዋ በጆሮዋ የሰማችውን በዓይኗም እንድታነበው ፈለግኩ። ስለዚህ በዘፋኝ ስም ቦታ የእማዬን ስም ጻፍኩ። ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ።

ሲዲ አጎረስኩት። እጄ እንደ ልማዱ ሄደና ሳጥኗን ተጫነ።

«በመፈለግ ላይ» አለ ፕሮግራሙ።

ከዚያ ፕሌይሊስቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ።

የዘፈኑ ስም፣ ባዶ። የዘፋኙ ስም...

እማዬ።

ደግሜ አየሁት። ላይብረሪው ውስጥ ገብቼ በስሟ ፈለግኩ። አሁን ያስገባሁት የራሴ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም። ወደ ፕሌይሊስቱ ስመለስ ግን መስመሩ እዚያው ተቀምጧል። ልሰርዘው ስል ማቃጠሉ ጀመረ። እኔ «አቃጥል» የሚለውን አልተጫንኩም። ወይም ተጭኛለሁ... እጄን እንጃለት።

ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ሲዲውን ያዞረው ጀመር።

በዚህ መሐል አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ራሱን አስገባ። ጥሩምባ የምንለው የታክሲ ሾፌር ነው፤ ጥሩምባውን ሳይነፋ መንገድ አይሻገርም። መታወቂያ ኮፒ ይነሳልኝ አለ። ማሽኑ ግሏል፣ ነገ ና አልኩት።

«ወይ ጉድ» አለ። «ሁለት ሴት ቁጭ ብላችሁ አንድ ኮፒ ማንሳት ያቅታችሁ?»

ሄደ።

ዞርኩ... ከኋላዬ ያለው የአጎቴ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ ያለው የአጎቴ ጃኬት ነው። ሌላ ማንም የለም።

ጥሩምባ ዓይኑ ደክሟል፤ ከፊት ያለ መኪና እንኳ አያይም። እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሲዲው ወጣ። የተቃጠለ ሲዲ ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ብርድ ሲሆን ጣቴን የማሞቀው በሱ ነው። ይሄኛው ቀዝቃዛ ነበር። ከጉድጓድ ውስጥ የወጣ ድንጋይ ይመስል።

ሳይሰማ የሚወጣ ሲዲ ደግሞ የለም። ኤርፎን ሰካሁ፣ ዘፈኖቹን በየመጀመሪያቸው እየቀመስኩ አለፍኩ። ሁሉም ደህና ናቸው። የኔዋም «ከክፍሌ ውጪልኝ» ደህና ናት። ወደ መጨረሻው ደረስኩ።

በመጀመሪያ ምንም የለም።

ከዚያ... የተሰቀለ ልብስ ግድግዳ ሲታከክ የሚያሰማው ድምፅ። ሽው... ሽው...

ከዚያ ሳል።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። ከግድግዳው ማዶ ተኝቼ ወራት ሙሉ የሰማሁት ሳል ነው። ድምፅ ይወረሳል፤ ሳል ግን አይወረስም።

«ቁንጫዬ...»

ቁንጫዬ የምትለኝ እማዬ ብቻ ናት። ያውም ሰው በሌለበት።

«እማዬ?» አልኩ። ሞኝ አትበሉኝ፤ ለሲዲ የመለስኩት ወድጄ አይደለም።

የተቀዳ ነገር ሰው አይጠብቅም፣ አይደል? ብትሰሙትም ባትሰሙትም ያልፋል። ይሄ ግን ጠበቀኝ። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ማንን ነው ውጪ ያልሻት?»

«ልብስ ሰፊዋን... ክፍልሽን ልትወስደው ነው እማዬ። ቀሚሶችሽን እኮ...»

«በማን አፍ?»

የኤርፎኑን ገመድ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ።

«በማን አፍ ነው ያልሻት፣ ቁንጫዬ?»

«ባንቺ» አልኩ። ከንፈሬ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ሽው... ሽው...

«እንግዲያው እኔው ራሴ አናግራታለሁ። ድምፄን አምጪ።»

ኤርፎኑን ከጆሮዬ መንጥቄ ጣልኩት።

እናንተ ብትሆኑ ሲዲውን ሰብራችሁ እግሬ አውጪኝ ትሉ ነበር። እኔም ተነስቼ ነበር። ግን ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እማዬ መጣች። ለኔ ብላ መጣች። ራሴ አናግራታለሁ አላለችም? እኔ በውሸት የጀመርኩትን እሷ በእውነት ልትጨርሰው ነው። ቂሜ ደግሞ ከፍርሃቴ በአንድ ራስ ይበልጣል።

«ድምፄን አምጪ» ያለችውን... እሱን ዘለልኩት። ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

ሲዲውን ማሸጊያው ውስጥ ከተትኩት።

አጎቴ እያዛጋ ገባ። ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ምንም ልለው አፌን ስከፍት ድምፄ ሻከረብኝ፤ ሳልኩ። የእማዬ ወንድም ነው፤ ሲያይ እንደ እሷ ነው፣ ሆድ ውስጥ ይገባል። ከሲዲው ወደኔ፣ ከኔ ወደ ሲዲው አየና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለኝ።

እንደ ልማዴ ልመልስለት ነበር። ጉሮሮዬ ግን አሸዋ የሞላው ይመስላል። ጉንፋን ነው አልኩት።

አርብ ድምፄ ግማሽ ሆኖ አደረ። አባዬ ሳሎን ተቀምጦ ለዕለቱ የሚሆን ወንበር ይጠግናል። ከጓዳ ጠራሁት።

አልተነሳም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልተነሳው። ቁጭ እንዳለ፣ ቀና ሳይል፣ «አቤት ልጄ» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰ መሰለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ።

የስፌት መኪናው ጠዋት መጥቶ በረንዳ ላይ፣ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ሰው ምሳውን በልቶ እስኪያበቃ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ተባለ። ቀሚሶቹን አላወረድኳቸውም፤ አባዬም አልጠየቀኝም፣ ፈርቶኛል። መርፌዋ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ከአባዬ ጎን ተቀምጣለች። ታላቋ አክስቴ፣ አጎቴ፣ ከአባዬ ጋር የሚሠሩ ሁለት ግንበኞች፣ እነሱ ናቸው እንግዶቹ። አጎቴ ከመርፌዋ ጋር እየሳቀ ሲያወራ ሳየው ጥርሴን ነከስኩ። የገዛ እህቱን ክፍል ሊያስወስድ መጥቶ ሥጋ ይመርጣል።

ሲዲውን በገዛ እጄ አጎረስኩት።

ሰዉ ሞቅ አለው። አክስቴ ወንበሯ ላይ ሆና ተወዛወዘች። ግንበኞቹ ማን ይበልጥ እንደሚዘፍን ተከራከሩ፤ ሁለቱም አይችሉም። አባዬ በእግሩ ወለሉን ይመታል። እማዬ ከታመመች ወዲህ ያ እግር ወለል መትቶ አያውቅም። ልቤን ያዝ አደረገኝ፣ ግን አልተውኩም። ይምታ፤ ትንሽ ይጠብቅ ብቻ።

ቀዝቃዛዋ ዘፈን መጣች። ሰው ረገብ አለ። ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጭኔ መሐል ቀርቅሬ፣ መርፌዋን ብቻ አያለሁ።

ዘፈኑ አለቀ።

ዴኩ ግንባር ላይ የእማዬ ስም ሮጠ።

እና... ድምፄ መጣ።

እኔ የቀዳሁት አይደለም። አየር ያጠረው፣ የታመመው አይደለም። ጤነኛው፣ የሚስቀው ድምፄ፤ ሐሙስ ጠዋት ይዤው የተነሳሁት።

«ግቢ» አለ። «ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል? ክፍሉ ያንቺ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

ገባችሁ? እኔ የተናገርኩ ነው የመሰላቸው። ድምፁ የኔ ነዋ። ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ሙዚቃው ሲያቆም ጠብቄ፣ የእንጀራ እናቴን «ክፍሉ ያንቺ ነው» ያልኳት ነው የመሰላቸው።

አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አጎቴ ዓይኑን ጠረገ። አባዬ ተነስቶ መጣና ፊቴ ተንበረከከ። በዚያ መዶሻ በሚይዝ እጁ ራሴን ደረቱ ላይ አስደገፈው።

«ተባረኪ ልጄ» አለ። «እናትሽ ብትሰማሽ...»

እኔ አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ።

ምንም።

ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሽው...

አባዬን ገፋሁት። ወደ ዴኩ ጠቆምኩ። አንገቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ደስታ አንቋት ነው አሉ፣ ውሃ አመጡልኝ፣ አክስቴ ጀርባዬን መታችኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን ያላየች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። መርፌዋ። እሷ የምታየው ዴኩን ነበር። ቀስ ብላ ተነሳች። ወደ ዴኩ ትንሽ ጎንበስ አለችና፣ ጎረቤት ቤት እንደገባ እንግዳ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ግንበኞቹ የስፌት መኪናውን ተሸክመው ወደ እማዬ ክፍል ተከተሏት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲዲውን ግቢ ውስጥ በድንጋይ ሰባብሬ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ሐኪም ዘንድ ተወሰድኩ፤ በባትሪ አየኝና ጉሮሮዋ ከኔ ጉሮሮ ይሻላል አለ። ኮምፒውተሩ ላይ በእማዬ ስም ስፈልግ ምንም የለም ይላል፤ የቀዳሁትም የለም። አጎቴ እኔ ዝም ካልኩ ወዲህ ደንበኛ በዝቷል ብሎ በሹክሹክታ ለአባዬ ሲነግረው ሰምቻለሁ። በውስጥ መስመር «ድምፅ ላኪ» እያላችሁ የምትጨቀጭቁኝም፣ የማልልከው ለዚህ ነው።

ቂሜን ግን አልተውኩም። ምላስ ባይኖረኝ እጅ አለኝ። ክሯን አወሳስባለሁ፣ መቀሷን እደብቃለሁ። መርፌዋ አንድ ቀን አልተቆጣችም። ያ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ።

ትናንት ከሱቅ ለምሳ ተመለስኩ። አባዬ ሥራ ነው። የክፍሉ በር ዝግ ነው።

ከውስጥ ወሬ ይሰማል። ሁለት ሴቶች።

አንዷ መርፌዋ ናት። ሌላዋ...

ሌላዋ እኔ ነኝ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ውስጥ ድምፄ ይጫወታል። ልጅ እያለሁ አልጋዬን አርጥቤ በድመት ያላከክኩትን ይተርካል፤ እማዬና እኔ ብቻ የምናውቀውን። መርፌዋ ትስቃለች። መርፌዋ! እዚህ ቤት ከገባች ጥርሷን አይቼው አላውቅም።

በሩን በርግጄ ገባሁ።

ዴኩ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የሲዲው አፍ ወጥቶ ባዶውን ይታያል። መርፌዋ የእማዬን ሰማያዊ ቀሚስ ማሽኑ ላይ ዘርግታ ጎንና ጎኑን ተርትራዋለች። ስፒሎች በከንፈሯ ይዛለች።

«ወገቡን ላላ አድርጊው» አለ ድምፄ። «አሁን ወፍሬያለሁ።»

መርፌዋ ራሷን ነቀነቀች። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፣ ከፊቷ ወዳለው ባዶ ወንበር ጎንበስ አለችና ከኋላ ወደ ፊት አዙራ አጠበቀችው።

ሜትሩ አልረገበም። መሐሉ ባዶ ሆኖ... ክብ እንደሆነ ቆመ።

ተንደርድሬ ሶኬቱን ነቀልኩ።

«ማን ነው?» አለ ድምፄ።

«ልጅሽ ናት» አለች መርፌዋ፣ በስፒሎቹ መሐል።

ገመዱን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ። ጠበቅኩ። አንዴ ስሜን ብትጠራኝ፣ አንዴ ብትቆጣኝ እንኳ። ወንበሩ ሲጥጥ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ እኮ፣ ለኔ አይደለም እንዴ የመጣሽው፣ ከሷ ጋር ምን አለሽ... ብዙ ነበር የምለው። አንዱም አልወጣም።

መርፌዋ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባባታል» አለች። «ካንቺ እሷ ትሻላለች። ቢያንስ ስትመጣ ታንኳኳለች።»